የአቶ ጉልላት ሽበሺ ሕይወትና በታቦር ሥር የተሰበረው ፍሬም

ግንቦት 18 ቀን 2011 ዓ.ም. በሐዋሳው የታቦር ተራራ ግርጌ አንድ ብስክሌት ሲዘል ፍሬሙ አንገቱ ላይ ተሰበረ፤ ነጂው ፊልሞን ፍቃዱም ከዚያን ቀን ጀምሮ ያነክሳል። ስለዚህ አደጋ እስከ ትናንት ድረስ ሁለት ታሪክ ሲነገር ቆይቷል። ብስክሌቱን የሠሩት አቶ ጉልላት ሽበሺ ለጠየቃቸው ሁሉ፣ «ብየዳው የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው» ይሉ ነበር። ፊልሞን ደግሞ ሊጠይቀው ለሄደ ሁሉ፣ «ጋሼ ምን አደረጉ? በኋላ ጎማ ማረፍ ሲገባኝ በፊት ጎማ አረፍኩ፤ የራሴ ስህተት ነው» ይላል። ሁለቱ ሰዎች አንድ ጥፋት ሲሻሙ ኖሩ። ጥፋቱ ግን የሁለቱም አልነበረም። እውነቱ በዚህ የሕይወት ታሪክ ውስጥ በቦታው እንዲነበብ የለመነው የአቶ ጉልላት ልጅ ክብሩ ነው።

አቶ ጉልላት ከአባታቸው ከአቶ ሽበሺ አሰፋና ከእናታቸው ከወ/ሮ አልማዝ በ1950 ዓ.ም. በይርጋለም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በመንገድ ሥራ ግሬደር ይነዱ ስለነበር ልጅነታቸው ከብረትና ከቅባት አልራቀም። እስከ ስምንተኛ ክፍል በተወለዱበት ከተማ ተምረው በ1968 ዓ.ም. ወደ ሐዋሳ መጡና በአንድ የእርሻ ድርጅት ጋራዥ በረዳት በያጅነት ተቀጠሩ። በ1978 ዓ.ም. ከወ/ሮ ብርቅዬ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሳያትንና ክብሩን ወልደዋል። ወ/ሮ ብርቅዬ እንደሚሉት፣ በሠርጉ ዕለት እንኳ ከሙሽራው ጥፍር ሥር ቅባቱ አልለቀቀም ነበር። በ1985 ዓ.ም. ጋራዡን ለቀው ባህል አዳራሽ አካባቢ የራሳቸውን የብየዳና የብስክሌት ጥገና ቤት ከፈቱ።

በ2002 ዓ.ም. ገደማ የከተማው ወጣቶች ትራያል የሚባለውን ጨዋታ ጀመሩ። ነጂው ኮርቻ በሌለው ብስክሌት ላይ ቆሞ፣ እግሩን መሬት ሳያስነካ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይዘላል። በተራ ብስክሌት ሲሞክሩ ፍሬሙን እየሰበሩ ወደ አቶ ጉልላት ያመጡ ነበር። እሳቸው ግን የተሰበረውን ቶሎ አይጠግኑም፤ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ቀናት ሙሉ ይመለከቱታል። ከመጡላቸው አሥራ አንድ ፍሬሞች ዘጠኙ የተሰበሩት መሪው ከሚገባበት አንገት ሥር ነበር። «እንግዲህ በሽታው ታወቀ» አሉና በ2004 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የትራያል ፍሬም ከባዶ ሠሩ።

ቱቦ ሲመርጡ ትዕግሥታቸው ሌላውን ሰው ያታክት ነበር። ከአሮጌ ከባድ ብስክሌቶች የቆረጡትን ቱቦ በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው፣ ውስጡን ወደ ፀሐይ አዙረው እያዩ፣ ዝገት የበላውን ሁሉ ይጥላሉ። በበርና በመስኮት ብረት እንዲሠሩ ለመከራቸው፣ «ቱቦላሬ ለመስኮት ነው፤ መስኮት ደግሞ አይዘልም» ብለው መለሱ። ነጂው ከቆመበት በአንድ ርግጫ እንዲነሣ የፊቱን ጥርስ ትንሽ፣ የኋላውን ትልቅ ያደርጉታል። ከሁሉ በላይ የሚጨነቁት ለፍሬን ነበር። «መሄዱን ማንም ይሠራዋል፤ እኔ የምሠራው መቆሙን ነው» ይሉ ነበር።

አንድ የማይታለፍ ሕግም ነበራቸው፤ ብየዳቸው አይሞረድም። የቀለጠው ብረት በመገጣጠሚያው ዙሪያ እንዳበጠ ይቀራል፤ ጥንካሬው እዚያ ነውና። በዚህ ምክንያት የሠሩት ብስክሌት ሁሉ አንገቱ ጎርባጣ ነበር። ወጣቶቹ፣ «የጋሼ ጉልላት ብስክሌት ፈንጣጣ ወጥቶለታል» ብለው ሲቀልዱባቸው፣ «ፈንጣጣ ወጥቶለት የዳነ ሁለተኛ አይታመምም» ይሏቸው ነበር።

ክብሩ በ2009 ዓ.ም. በመካኒካል ምህንድስና ተመርቆ ከአባቱ ጋር መሥራት ጀመረ። ያ ቀልድ ግን እሱን ያሳፍረው ነበር። በግንቦት 2011 በታቦር ሥር ለሚደረገው የትራያል ትርኢት ከአዲስ አበባ ነጂዎች እንደሚመጡ ሲሰማ፣ አባቱ ለፊልሞን የሠሩት ፍሬም ፋብሪካ ከሠራው ብስክሌት ጎን ቆሞ ሲሳቅበት ታየው። አቶ ጉልላት ለለቅሶ ይርጋለም በሄዱበት ቀን የአንገቱን ብየዳ በግራይንደር ላገው፤ በሞረድ አለሰለሰው፤ ቀይ ቀለም ቀባው። የተማረ ሰው ነውና መገጣጠሚያው እንደሚሳሳ አላጣውም። ትንሽ ነው፣ ምንም አይልም ብሎ ራሱን አሳመነ። አቶ ጉልላት ሲመለሱ ፊልሞን፣ «ዛሬስ ሙሽራ አስመሰላችሁት!» ብሎ ብስክሌቱን ወስዶ ነበር።

በማግሥቱ ፊልሞን ከሰው ቁመት ከሚበልጥ ድንጋይ ላይ ሲዘል ፍሬሙ አንገቱ ላይ ተቆረጠ፤ የልጁም ቀኝ ጉልበት ተሰበረ። አቶ ጉልላት ፊልሞንን ሐኪም ቤት አድርሰው ተመለሱና የተሰበረውን ፍሬም ከመሬት አነሡት። ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ለስላሳ ነበር። ክብሩን አንድ ጊዜ አዩት። ከዚያም ገና ወዳልተበተነው ሰው ዞረው፣ «ብየዳው የእኔ ነው» አሉ። ክብሩ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ከሰው መሀል ገባ።

ከዚያ ቀን በኋላ አቶ ጉልላት አንድም የትራያል ፍሬም አልሠሩም። ጎማ ለጠፉ፤ ካቴና አጠበቁ፤ የሰው በር በየዱ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ታዳጊዎችን ማሠልጠን የጀመረው ፊልሞን በ2015 ዓ.ም. ከዘራውን ይዞ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ለልጆቹ አንድ ይሥሩልን እንጂ፤ እኔ እኮ አልተቀየምኩም» ቢላቸው፣ «አይ ልጄ፣ ይህ እጅ አይታመንም» ብለው መለሱት። ክብሩ ያን ጊዜ ከአጠገባቸው ሆኖ ጎማ ይነፋ ነበር። ቀና አላለም። በየዓመቱ ግንቦት ሲመጣ እናገራለሁ ይላል፤ ሳይናገር ሰኔ ይገባል።

አቶ ጉልላት በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በኩላሊት ሕመም ተይዘው ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆዩ። በ2018 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ክብሩ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያደረገውን ሁሉ ነገራቸው።

«አውቃለሁ» አሉት። «እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው። ያኔውኑ ብትነግረኝ በማግሥቱ ሥራ እንጀምር ነበር። አሁንማ ይህ እጅ እንኳን ብየዳ ማንኪያም አይዝም።» ቀጥለውም፣ «ከቤቴ ለወጣ ሥራ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ያን ስል አልዋሸሁም። ለፊልሞን ግን የምትነግረው አንተ ነህ» አሉት። ክብሩ እሺ አለ። ነገር ግን አባቱ በሕይወት ሳሉ አልሄደም።

አቶ ጉልላት ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው በተቀመጠበት ድንኳን ውስጥ ክብሩ ከፊልሞን ፊት ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ፣ «ተው ልጄ፣ ሟች በደጉ ይነሣ፤ ይህ ወረቀት ላይ ምን ያደርጋል?» ቢሉ፣ ወ/ሮ ብርቅዬ ከተቀመጡበት፣ «ይጻፍ። የጉልላት እጅ ሳተ ሲባል ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሰምቻለሁ፤ አልሳተም ሲባል ደግሞ አንድ ቀን ልስማ» አሉ። ስለዚህ ተጽፏል። የአቶ ጉልላት ሽበሺ እጅ አልሳተም።

አቶ ጉልላት ባለቤታቸውን ወ/ሮ ብርቅዬን፣ ልጆቻቸውን ሳያትንና ክብሩን፣ እንዲሁም ሁለት የልጅ ልጆች ትተው አልፈዋል። የሌላውን ጥፋት በዝምታ የተሸከሙትን አባት እግዚአብሔር ሸክማቸውን አውርዶ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን፣ ቀሪ ለሆንነውም እውነትን በጊዜዋ የመናገር ድፍረት ይስጥ።

ከዚህ ንባብ ቀጥሎ አስከሬናቸው ወደ መቃብሩ ይሄዳል። ሳጥኑን ከፊት የሚይዙት ሁለት ሰዎች እነማን እንደሚሆኑ የታወቀው ትናንት በዚያው ድንኳን ውስጥ ነው። ክብሩ ተናግሮ ሲጨርስ ሰዎች ፊልሞንን «ይቅር በለው» እያሉ ጎተጎቱት። ፊልሞን ግን ከዘራውን ተደግፎ ተነሣና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ክብሩን እንዲህ አለው፦ «ይቅርታውን ጋሼን ካሳረፍን በኋላ እኔና አንተ እንነጋገርበታለን። ነገ ግን ሳጥኑን ከፊት በቀኝ እኔ እይዛለሁ፣ በግራ አንተ ትይዛለህ፤ የምንሄደውም በእኔ እርምጃ ነው።»