እሺ ማለቴ እሺ ማለት አይደለም

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣ ለጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም የሰውን የስፌት መኪና ብቻህን እያነሳህ ታጎብጠዋለህ? እማዬስ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? ባለቤትህ እትዬስ፣ ልጃችሁ ሚጡስ ደህና ናቸው? ናፍቆታችሁ ሆዴን ይበላዋል። ስለ እኔ ከጠየቅከኝ "ደህና ነኝ" ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ አልቻልኩም። ጋሼ፣ ፈርቻለሁ። ስልኬን የዘጋሁትም፣ ይህን ወረቀት በሰው እጅ የላክኩልህም ለዚህ ነው። እባክህ ከመቆጣትህ በፊት ጨርሰው።

ነገሩ የጀመረው በስልኬ ላይ ባለ አፕ ነው፤ የፍቅር ጓደኛ መፈላለጊያ። አውቃለሁ፣ ይሄኔ "ወይ ጉድ!" ብለህ መነጽርህን አውልቀሃል። ግን ይሄኛው ከሌሎቹ ይለያል። ወንዱ የፈለገውን ያህል ቢቁነጠነጥ መጻፍ አይችልም፤ ሴቷ ወዳ ካልጀመረች ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። መንገድ ላይ ለካፊ ሁሉ እጄን ሲጎትተኝ ለኖርኩት ሴት ይሄ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ አንዱን "ፊቱ ቁጡ ነው"፣ ሌላውን "የተደገፈው መኪና የራሱ አይደለም" እያልኩ አልፋቸው ጀመር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መራጭ ሆንኩ። ከዚያ አንዱን መረጥኩና "ሰላም ነህ?" ብዬ ጻፍኩለት።

ሰውየው ጨዋ ይመስል ነበር። የቀለም መደብር ሻጭ ነኝ አለኝ። እኔም የልብስ መሆኑን ሳልነግረው ተኳሽ ነኝ ብለው ወታደር መሰልኩትና በሳቅ ፈረስን። ከዚያ ሥራ ላይ እያለሁ መደወል ጀመረ። የላውንደሪ ሥራ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። ካውያውን በአንድ እጄ ይዤ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ሸጉጬ፣ በእንፋሎቱ ጩኸት ግማሹን እየሰማሁ ግማሹን እየሳትኩ "እሺ… እሺ… እሺ" እላለሁ። መቼም ታውቀኛለህ። እማዬ ስትመክረኝ ስንቴ እሺ ብዬ አንዱንም ሳልሠራ ቀርቻለሁ! እየሰማሁህ ነው ማለቴ እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ለካ እሱ እያንዳንዷን እሺ ይቀዳት ኖሯል። "አንድ ቤት እንገባለን" ሲል፣ እሺ። "ሥራውን ትተዪዋለሽ" ሲል፣ እሺ። "ወንድምሽ ዘንድ ሄጄ ነገሩን እጨርሳለሁ" ሲል፣ እሺ። አንድ ቀን እንፋሎቱ ጋብ ብሎ የሚለውን በደንብ ስሰማ ክው አልኩ። "ኧረ እኔ እንዲህ አላልኩም" ብለው ቅጂውን ከፈተልኝ። የገዛ ድምፄ ነው ጋሼ፤ ለስላሳ፣ ታዛዥ፣ እሺ ብቻ። የካውያው ፉጨት ሳይቀር አብሮ ይሰማል። እዚያው ብሎክ አደረግኩት። አፑም "ውሳኔሽን እናከብራለን" የሚል ጽሑፍ ላከልኝ።

በማግስቱ ሰውየው በአካል ከች አለ። አፑ ላይ የለጠፍኩት ፎቶ የሥራ ሽርጤን እንደለበስኩ የተነሳሁት ነው፤ የላውንደሪው ስም ደረቱ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ሠርቼ የምበላ መሆኔ ይታይልኝ ብዬ ነበር። ንጹሕ ሸሚዝ ይዞ መጣ። ከዚያ ሸሚዙን ሊወስድ መጣ፣ ከዚያ ያንኑ ሸሚዝ መልሶ ሊያሳጥብ መጣ። ደንበኛ ስለሆነ ማንም ውጣ አይለውም። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች "ባለ ሸሚዙ" የሚል ስም አውጥተውለት መጀመሪያ እንስቅበት ነበር። በኋላ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ቅጂውን ለአሠሪዬ ከፈተላት። ሰምታ ስትጨርስ "ታዲያ አንቺ አይደለሽ የጀመርሽው?" አለችኝ። ጥበቃውም ይህንኑ አለ። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ሳመለክት እንኳን ተረኛው መጀመሪያ የጠየቀኝ ማን ቀድሞ እንደጻፈ ነው። ሰላም ነህ ያለች ሴት በቃኝ ማለት አትችልም እንዴ?

አብራኝ የምትተኩስ አንዲት ጓደኛዬ ብቻ "ነይ እኔ ጋ" ብላ ወደ ክፍሏ ወሰደችኝ። በአንድ ፍራሽ ነው የምንተኛው። ኮሪደሩ ላይ የጫማ ኮቴ ስሰማ ትንፋሼን እይዛለሁ። ባለፈው በሩን በሩን ሳይ የሰው ኮት አቃጠልኩ።

አሁን ደግሞ የባሰውን ልንገርህ። ከትናንት ወዲያ ሸሚዙን አስተኩሶ ወሰደና ከዚያ ወዲህ አልታየም። ሁሉም "ተገላገልሽ፣ እልል በዪ" ይሉኛል። እኔን ግን ከመቼውም ይበልጥ ያራደኝ ይሄ ነው። ደህና በነበርንበት ጊዜ ስለ አንተ ሁሉንም አውርቼለታለሁ፤ የስፌት መኪና ጠጋኝ መሆንህን፣ ሱቅህ ከመናኸሪያው ጀርባ መሆኑን፣ ለእንግዳ ሆደ ቡቡ መሆንህን ጭምር። ወደ አንተ እየመጣ ነው ጋሼ።

ሲመጣ አንገቱን ደፋ አድርጎ በትሕትና ያናግርሃል። ድምፄንም ያሰማሃል። እሱን ሰምተህ "እህቴ ፈቅዳለች" እንዳትል፣ በእናታችን! ሰው ማሳፈር እንደማይሆንልህ አውቃለሁ፤ እሱን ግን አሳፍረው። የት እንዳለች አላውቅም በለው። እውነቱን ልንገርህ፣ ከእሱ እኩል የምፈራው አንተም "ለምን ጀመርሽ?" እንዳትለኝ ነው። ልትቆጣኝ ከፈለግክ ስመጣ ተቆጣኝ፣ ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ይህን ሁሉ ግን አትንገራት፣ እንቅልፍ ታጣለች። እትዬን በጣም አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ አንተ ሱቅ ስትሆን የማታውቀው ወንድ ካንኳኳ በመስኮት ታናግረው። ሚጡዬን ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ። አክስትሽ የት ናት ብሎ የሚጠይቃት ሰው ካለ ወደ ቤት ሮጣ ትግባ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ
ከጓደኛዬ ክፍል፣ መጋቢት ፲፪ ቀን

ጋሼ፣ ይሄን ከላይ መጻፍ ነበረብኝ፣ ድንጋጤው አስረሳኝ። ወረቀቱ ይቅደም እሱ ይቅደም አላውቅም። እንደ ልማድህ ጮክ ብለህ እያነበብክ ከሆነ፣ ቤት ውስጥም እንግዳ ተቀምጦ ከሆነ፣ አቁም።