ለመንገድ ሹሙ፣ ስለ ተነቀለው የነፋስ መከላከያዬ

ለክቡር ሻምበል ወልደ ማርያም
ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። በተለይ ፊትዎ እንዴት ሰንብቷል? እሾኹ ተለቅሞ አልቆ እንደሆነ የመጋላ ሰፈር ሰው ሁሉ ለማወቅ ጓጉቷል።

እኔ ዲሪር ገዲ፣ በሞተር ብስክሌት ከድሬዳዋ ሐረር መድኃኒት የማመላልስ ሰው፣ የዋሉልኝን ውለታ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ነውር መስሎ ስለታየኝ ይህን ጽፌአለሁ።

አንደኛ፤ በደንገጎ መንገድ የጭነት መኪና ጎማ የሚያስፈነጥረውን ጠጠር እንዲመልስልኝ፣ ጓደኛዬ ዐብዱላሂ ቆርቆሮ ሠሪው ከተከሰከሰ አውሮፕላን መስኮት ቆርጦ የነፋስ መከላከያ፣ ከሥሩም ነፋስ የሚሰነጥቅ የቆርቆሮ ልባስ ሠርቶልኝ ነበር። እርስዎ በደቻቱ ድልድይ ላይ አስቁመው፣ «ይህ ሞተር ነው አውሮፕላን? ክንፉንስ የት ጣልከው?» ብለው መንገደኛውን ካሳቁ በኋላ አስነቅለው ወሰዱት። ስለ ቀልድዎ አመሰግናለሁ። እኔም ስቄ ነበር፤ ሹም ሲቀልድ የማይስቅ ማን አለ?

ሁለተኛ፤ ያንኑ ሰሞን ከደንገጎ ቁልቁል ስወርድ ጠጠር ቀኝ ዓይኔን መታኝ። ሐኪሙ እጁን ታጥቦ፣ «ይህኛው ከእንግዲህ አያይም» አለኝ። ባለቤቴ ፋዱሞ ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ሲነሣ ጆሮዋን ይዛ ትቀመጣለች። ለዚህኛው ምስጋና ቃል ስላጣሁለት ልለፈው።

ሦስተኛ፤ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት በዓል፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ የሞተር እሽቅድድም ሲደረግ፣ እርስዎ የእኔን መከላከያ በራስዎ ሞተር ላይ አስገጥመው ብቅ አሉ። ፋዱሞ ክንዴን ጨብጣ፣ «ዲሪር፣ ያ የኛ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«የኛው ነው። ዝም በዪ» አልኳት።

ዝም ያሰኘኋት ፈርቼ አልነበረም። መከላከያው የተቆረጠው ለእኔ ለአጭሩ ሰው ነው፤ ነፋሱ በጠርዙ ዘሎ ከራሴ በላይ ያልፋል። እርስዎን ግን አላህ ቁመት አልነፈገዎትምና፣ ያው ነፋስ አቧራውን እንደተሸከመ ዓይንዎ ውስጥ እንደሚገባ ገና ሳይነሡ አውቄው ነበር። ሄጄ ልነግርዎ እችል ነበር። እጄን አጣጥፌ መቆሙን መረጥኩ፤ ዛሬም አልጸጸትም።

መጀመሪያ ባርኔጣዎ ሄደ። ቀጥሎ አንድ እጅዎን ከመሪው አንሥተው ዓይንዎን ማሸት ያዙ። ከዚያ ከነሞተርዎ ከሜዳው ዳር ያለው ቁልቋል ውስጥ ገቡ። ሕዝቡ ሲጮህ ሮጬ ጎትቼ ያወጣሁዎ እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ዓይንዎ ተጨፍኖ ስለነበር ማን እንደሆንኩ አላወቁም። በጆሮዎ፣ «ጌታዬ፣ ክንፉን የት ጣሉት?» ያልኩዎም እኔው ነኝ። እንዲያ ያለ ደስታ ከሠርጌ ቀን ወዲህ አላገኘሁም።

የእሽቅድድሙ ዳኛ አቶ በቀለ መከላከያውን ከመሬት አንሥተው፣ «ይህ የማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ እርስዎ በሕመሙ መካከል፣ «የእኔ አይደለም! ያ የመጋላው ዲሪር የሠራው መናኛ ነገር ነው!» ብለው ጮኹ። ስለዚህ ከሁሉ አብልጬ አመሰግናለሁ። ንብረቴ ለመሆኑ ማስረጃ እንዴት አገኛለሁ እያልኩ ስጨነቅ፣ በሜዳው ሙሉ ሕዝብ ፊት ራስዎ መሰከሩልኝ። አቶ በቀለም የሰሙትን በፍርድ ቤት ለመናገር ፈቅደዋል። ክሱ ገብቷል፤ መጥሪያው ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ እንደሚደርስዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

እድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ፍርዱን ሳይሰሙ እንዳያልፉብኝ።

የቀረውን አንድ ዓይኑን ከእርስዎ ላይ የማይነቅለው፣
ታዛዥ አገልጋይዎ
ዲሪር ገዲ
ነሐሴ ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ አሽከርዎ ትናንት ተደብቆ ዐብዱላሂ ዘንድ መጥቶ፣ ለእርስዎ ቁመት የሚሆን ሌላ መከላከያ እንዲሠራ ለምኖታል። ዐብዱላሂ፣ «የጌታህን ልክ አላውቅም» ብሎ መልሶታል። እኔ አውቀዋለሁ፤ በችሎቱ ቀን አሳይዎታለሁ።