በወባ አልሞትክም

የኔ ጀማል፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንዴት ሰነበትክ አልልህም፤ እሱን አላህ ያውቃል። እኔ ሚስትህ ዘይነባ፣ ዛሬም ቴፒ፣ ሱቃችን ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ።

ስንት ነገር ተለውጧል መሰለህ። ቡና ጭነህ እየረገምክ የተመላለስክበት መንገድ አስፋልት ለብሷል። ሱቁን ወደ ውጭ አስፍቼዋለሁ፤ መቆጣት ካማረህ መኖር ነበረብህ። ልጃችን ሰሚራ ማንበብ ችላለች። ግትርነቷን ሰው ከኔ ነው ይላል፣ እኔ ካንተ ነው እላለሁ።

ማጂ ድረስ በጭነት መኪናህ የወሰድከኝ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ብርዱን ፈርተህልኝ ጃኬትህን ሰጠኸኝ፣ አንተ ሳምንት ሙሉ ስትስል ከረምክ። እንደዚያ ያለ ሰው ነበርክ። ይህን የምለው የኋላውን ብቻ የሚያወሩ ስላሉ ነው።

መኪናው ሸዋ ቤንች አጠገብ ሲገለበጥ ወገብህ ተጎዳ። ሐኪሙ ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ኪኒን አዘዘልህ፤ ደግ አደረገ፣ መቀመጥ እንኳ አቅቶህ ነበር። ወገብህ ዳነ፣ ኪኒኑን መተው ግን አቃተህ። ያለ ማዘዣ የሚሸጥልህም አላጣህም። አንድ ቀን ደበቅሁብህ። ላብ ሲያጠምቅህ፣ ስትንቀጠቀጥ፣ ስታለቅስ አይቼ አላስቻለኝም፤ ራሴ ገዝቼ አመጣሁልህ። ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ሱስ እዚህ አይታከምም፣ ጅማ ወይም አዲስ አበባ ሂዱ አሉን። ሼኹ ዘንድ ሄድን፤ ዱዓ አደረጉልህ። ዱዓቸውን አልጠላሁም፣ ግን አስተኝተው የሚያክሙበት አልጋ አልነበራቸውም። ከዚያ አንድ ጠዋት ስቀሰቅስህ አልነቃህም።

ያን ዕለት እናትህ እጄን ይዘው ጓዳ አስገቡኝ። ልጄ በኪኒን ሞተ አይባልም፣ ወባ በይ አሉኝ። እዚህ አገር ወባ ገደለው ሲባል ማን ይጠይቃል? እሺ አልኩ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ወባን ሲረግም ዋለ። ሳምንት ሳይሞላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ በምን እንደሞትክ ጠየቀችኝ። ወባ አልኳት፣ ጻፈች። በወሩ ሰፈራችን መድኃኒት ተረጨ፣ አጎበርም ታደለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተን ያደግን ሰዎች ነን፤ በኛ ሲደርስ ደበቅን።

ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድምህን ኑረዲንን፣ ባጃጁን አቁሞ፣ በዝናብ ብርድ ላብ ሲያጠምቀው አየሁት። ያንን ላብ አውቀዋለሁ። በዚያው ሳምንት ወረዳው በጤና በጀት ላይ ሕዝብ ለውይይት ጠርቶ ነበርና ሄድኩ። ለሱስ ሕክምና ምን ተያዘ ብዬ ጠየቅሁ። የወረዳው ጤና ኃላፊ ትሑት ሰው ነው። መዝገቡን ገልጦ፣ በወረዳችን በዚህ መድኃኒት ሞተ ተብሎ የተመዘገበ ሰው የለም፣ በጀት ለመጠየቅ መነሻ አጣን፣ ለግንዛቤ ማስጨበጫ ግን ፖስተር አሳትመናል አለኝ። ተናደድኩ። መጀመሪያ በሱ፣ ቀጥሎ በራሴ። ያን መዝገብ ባዶ ያደረግሁት እኔው ነበርኩ።

ተነሥቼ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ባሌ በወባ አልሞተም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ አሁን አርሙት አልኩ። የባሏን ገመና አደባባይ አወጣች አሉኝ። ይበሉ። በሱቁ የጓሮ በር እየገቡ ስለ ልጆቻቸው የሚያንሾካሹኩልኝ እናቶች መጥተዋል፤ ለኔ ሳይሆን ለመዝገቡ ንገሩ እያልኩ እመልሳቸዋለሁ።

ለማረም ከኔ ሌላ አንድ የቤተሰብህ ሰው መመስከር አለበት ተባልኩ። እናትህ ደግሞ ከስብሰባው ወዲህ ሰላምታዬን አይመልሱም ነበር። ትናንት ግን ኑረዲንን ክንዱን ይዘው ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት መንገድ ጀመሩ፤ ዘግቼ ተከተልኳቸው። ወባ በይ ያልኳት እኔ ነኝ ብለው መሰከሩ፣ አውራ ጣታቸውንም ቀለም ነክረው ከስምህ ሥር አተሙ። ከዚያ ኑረዲንን ወደ ፊት ገፋ አድርገው፣ ይሄኛውስ የት ነው የሚታከመው ብለው ጠየቁ።

መልሱን ለመጠበቅ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። አልተነሣንም፤ የወጣነው ቢሮው ሲዘጋ ነው።

አላህ ይዘንልህ፣ ጀማል። ከእንግዲህ አንተን ማስታወስ ማለት ለኔ እውነቱን መናገር ነው። ነገም ከእናትህ ጋር እዚያው እንቀመጣለን። ወንድምህ በሕይወት አለ፤ ዝም ብለን ሌላ ለቅሶ አንቀመጥም።

ዘይነባህ