ከካርቡራተሩ የወጣ አረንጓዴ ክር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ከጠ. 3 ሰዓት። ሆስፒታል ግቢ፣ መኪና ውስጥ።

ዛሬም መኪናዋን ሦስቴ አስነሣኋት፣ ሦስቴም ጠፋች። በአራተኛው ያዘች። ድልድዩ ላይ ስንደርስ መንቀጥቀጥ። ነዳጅ ስሰጣት ትደናቀፋለች፣ ስለቅላት ልትጠፋ ትላለች። ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ጥሩምባውን አላቋረጠም። ደሳለኝ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ ያዳምጣል። ባሌ ሃያ ስድስት ዓመት የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፤ ሞተር ሲያመው ከመካኒክ ቀድሞ ይሰማዋል። ምን ይመስልሃል አልሁት። ትከሻውን ሰበቀ።

አሁን የኩላሊት እጥበቱ ላይ ነው። አራት ሰዓት ይፈጃል። ደብተሬ፣ አንቺና እኔ የምንገናኘው በዚህ አራት ሰዓት ነው።

ልንገርሽ። ድሮ በ5 ሊ. ከሰፈራችን ከዘንዘልማ ሆስፒታል ሁለቴ ደርሰን እንመለስ ነበር። አሁን አንዴ ብቻ። ባለፈው ቅዳሜማ በራችን ላይ ደርቃ ቆመች። የማደያው ወረፋ ሁለት ቀን ነው፤ እሱን አልጋ ላይ ትቼ ሁለት ቀን አልሰለፍም። በጀሪካን ከሰው እጅ ነው የማገኘው፣ በሳምንት 5 ሊ.፣ ከዚያ በላይ የለም። እጥበቱ ደግሞ በሳምንት ሁለቴ። ያጠራቀምሁት እየተሟጠጠ ነው። ባጃጁም ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። መኪናዋ ከቆመች እጥበቱ ይቀራል። እጥበቱ ከቀረ፣ ሲስተሯ ነግራኛለች። አልጽፈውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4።

ለሞተሩ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈታሁ። አራቱም እንደ ድስት ቂጥ ጥላሸት ለብሰዋል። ሳጥኔ ውስጥ ያለችውን ወረቀት አወጣሁ። እኔ የተማርሁት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያነበብሁት ሱቅ ስኳርና ምስር ከሚጠቀለልበት ወረቀት ነው። ይቺም ከምስር ጋር የመጣች ናት፣ ከመካኒክ መጽሐፍ የተቀደደች። ካንዴላ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ የቡና ቀለም ከያዘ ደህና ነው ትላለች። ለምን እንደሚበዛ የሚናገረው ሌላው ገጽ ነው። እሱ የማን ምስር እንደተጠቀለለበት እንጃ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5።

ጋሽ ፈንቴ ዘንድ ሄድሁ። አስፋልቱ ዳር ያሉት ሽማግሌ መካኒክ። ገና ሲያዩኝ ሐኪሟ መጣች፣ ዛሬስ ምን ልታዝልን ነው አሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት ሳቁ። ቤንዚን ይበዛል፣ ካንዴላው ጥቁር ነው አልኋቸው። ኧረ ያንሳታል እንጂ፣ እያነሳት ነው የምትደናቀፍ አሉ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ከፈቱ። ቤንዚን የምታሳልፈዋን ትንሽ ባለቀዳዳ የነሐስ ብሎን አወጡ፣ ቀዳዳዋን በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ወጉ፣ ነፉ፣ መለሱ። ባለፈው ወርም ሁለቴ እንዲሁ አድርገውላታል። ለጊዜው ትሻላለች።

ቤንዚኑ ቆሻሻ ነው አሉኝ። አጣራለሁ አልሁ። ከመስከረም ጀምሮ እሳቸው እንደመከሩኝ በጨርቅ አጣራለሁ፣ በአሮጌ ነጠላዬ። እንግዲያው እጠፊው አሉ፣ ሁለት እጥፍ አድርጊው።

አመስግኜ መጣሁ። ነጠላዬን አጠብሁት። አርጅቶ ሳስቷል። ለማጣራት ግን ደህና ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7። ከጠ. 5 ሰዓት። ሆ/ል ግቢ።

ድልድዩን ሳንጨርስ ጠፋች። መንገደኞች ገፉልን። ደሳለኝ ወርዶ ሊገፋ ሞከረ፤ አንዱ ጎልማሳ አባቴ እርስዎ ይቀመጡ አለው። አባቴ። ገና ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አርፍደን ደረስን፣ ማሽኑን ለሌላ በሽተኛ ሰጥተውት ነበር። ሲስተሯ ተቆጣች፣ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያየች። ቆይተን ሦስት ሰዓት ብቻ ተሰጠው። እግሩ አብጧል። መኪናዋ ስትጠፋ ግን ፊቱ ላይ እፎይታ ያየሁ መሰለኝ። ደክሞኝ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል።

ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል፣ ኅዳር ሲታጠን። ጭሱ ግቢያችን ገባ። ጀሪካኑን ከእሳት አርቄ ጓሮ ወሰድሁ፣ እዚያው ማጣራት ያዝሁ። ነጠላው ዛሬ አራት እጥፍ። ቀስ ብዬ። ጠብ፣ ጠብ። ደሳለኝ ማንጎው ሥር ወንበሩ ላይ ሆኖ ያየኛል። ሳጣራ ሁልጊዜ ያየኛል። ጭሱ ያስልሃል ግባ ብለው እምቢ አለ። ጨርሼ ቀና ስል ዓይኑን ወደ ዛፉ መለሰ።

ማክሰኞ ሁለቴ ጠፍታብኛለች። የቀረን 6 ሊ. ነው። ነገ ራሴ እከፍታታለሁ። ብትበላሽም ከዚህ በላይ ምን ትሆናለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 13።

ከፈትኋት። ብሎኖቹ እንዳይጠፉብኝ በፈታኋቸው ተራ ትሪ ላይ ደረደርሁ። ቤንዚን የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ፣ ሥሩ ላይ ነጭ ነገር። ሻጋታ መሰለኝ። በመርፌ አነሣሁት። ጥጥ ነው። እርጥብ፣ የተድበለበለ ብናኝ ጥጥ። መሐሉ ላይ አንዲት አረንጓዴ ክር።

የነጠላዬ ጥለት አረንጓዴ ነው።

ቁጭ አልሁ።

እኔ ነኝ። ያረጀው ነጠላ ባጣራሁበት ቁጥር ብናኙን ይተፋል፣ ብናኙ ቀዳዳዋን ይደፍናል፣ መኪናዋ ትደናቀፋለች። እኔ ደግሞ በተደናቀፈች ቁጥር ይበልጥ አጥፌ አጣራለሁ። ጋሽ ፈንቴም በሽቦ በወጉ ቁጥር ቀዳዳዋን ሲያሰፏት ኖረዋል። ወደ ብርሃን ይዤ አየኋት፣ ክብነቷ ቀርቷል። ስትደፈን ያንሳታል፣ ስትከፈት ከልክ በላይ ትጠጣለች። ወረቀቴም እውነት ተናግራለች፣ እሳቸውም እውነት ተናግረዋል።

የዚህች መኪና ዕቃ ከተማው ውስጥ የለም ተብያለሁ። ከተበላሸ ቻርጀር ሽቦ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዘዝሁ፣ በቀዳዳዋ አሳለፍሁ፣ ጫፍና ጫፉን ቆለመምሁ። ጠበበች። ገጠምሁ። ቤንዚኑን አላጣራሁም፤ ጀሪካኑ ሲረጋ ላይ ላዩን ብቻ ቀዳሁ።

ተነሣች። በአንዴ። ሚኒሞዋ፣ ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ፣ አይንቀጠቀጥም። ዞር ብዬ መስኮቱን አየሁ። ደሳለኝ መጋረጃውን ለቀቀው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14። ሆ/ል ግቢ።

ድልድዩን አንዴም ሳትደናቀፍ። በሰዓቱ ደረስን፣ አራት ሰዓቱን ሙሉ ያገኛል። አንዱን ካንዴላ ፈትቼ አየሁ፣ የቡና ቀለም መያዝ ጀምሯል። መደሰት ነበረብኝ። ደሳለኝ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ሐይቁን እያየ መጣ። ሞተሩን እንኳ አላዳመጠም።

እሑድ፣ ኅዳር 15። ጾም ገባ።

ነገርሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሁለት ወር ያንገላታሁህ እኔ ነኝ አልሁት። ክሯን አሳየሁት። መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጣት።

«መጀመሪያ ያጣራሽ ዕለት ነው ያወቅሁት» አለ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሾፌር። እንዴት አያውቅም። ታዲያ ለምን ዝም አልህ አልሁ።

«አልሄድም ብል ታለቅሻለሽ። መኪናዋ ብትቆም ግን፣ የቆመችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።»

ክሯን መለሰልኝ። ማሽኑ ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ማየት እንደሰለቸው፣ ቀጣዩ ቀን ከዚያ ሲያገግም እንደሚያልቅ፣ ከዚያ ደግሞ መልሶ ያው ማሽን እንደሆነ ነገረኝ። ማንጎው ሥር መቀመጥ ብቻ ነው የሚፈልገው። አልተቆጣም፣ አላዘነም፣ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር። ለዚህ የሚሆን ወረቀት ከየትኛውም ምስር ጋር አልመጣልኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 16።

በእግሬ ሳልፍ ጋሽ ፈንቴ ጠሩኝ። ሐኪሟ፣ በሽተኛሽ እንዴት ሆነች አሉ። ድናለች አልሁ። ማን ሠራት ብለው ሊሳለቁ ነበር፤ የመዳቡን ክር ስነግራቸው ፌዙን ተዉት። ከዳነች ምን ያስከፋሻል እቴ አሉኝ። መንገዴን ሄድሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17። ከጠ. 12፡30። ግቢያችን።

መሪው ላይ ነኝ። ሞተሩ ይሠራል፣ ዝግ ብሎ፣ እኩል። ሆዷ ውስጥ 3 ሊ. ገደማ አለ። የኋላውን በር ከፍቼዋለሁ። የቤቱም በር ክፍት ነው፤ ደሳለኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይታየኛል። ጫማው እግሩ ሥር ነው፣ አላጠለቀውም። ወደኔ አያይም። ራሱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ ሞተሩን ያዳምጣል፣ እንደ ድሮው።

ልለምነው አስቤ ነበር። ሳስበው ግን፣ መኪናዋ ቆመች የሚለውን ሰበብ የወሰድሁበት እኔ ነኝ። ምርጫውን ደግሞ ልወስድበት አልችልም። አልጠራውም። ሂድም ቅርም አልለውም። ቤንዚኑ እስኪያልቅ ግን ሞተሩን አላጠፋም።