የዘር በቆሎዋ ክፍል

ክላቨርዳል፣ ሃድሰን ወንዝ ዳር
ሜይ 9 ቀን 1991 እ.ኤ.አ.

ለተከበርሽው እኅቴ ለካትሪና፣ ከታላቅ ወንድምሽ ከጌሪት ቫን ኤስወልድ። ይህን የምጽፍልሽ በመጪው የጰራቅሊጦስ እሑድ፣ ሙዚየም በሆነው በአባታችን ቤት ደጃፍ ቆሜ ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ልጠይቅሽ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ተሻለሽ? የሚሺጋን ብርድስ ለቀቅ አደረገሽ? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ልቤ ግን ደኅና አይደለም።

እንደምታውቂው ሙዚየሙ በየዓመቱ ሲከፈት፣ የቤተሰቡ ታላቅ ነኝና ለሕዝቡ የምናገረው ያንኑ ቃል ነው፦ አባቶቻችን ይህን ቤት ያቆሙት በገዛ ላባቸው ነው፤ በባርነት የያዙት ሰው የለም። አባታችን ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። ዘንድሮ ግን ወደ ጣራው ሥር የሚያወጣውን ደረጃ በገመድ ዘግተውት አገኘሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና፣ ዕቃችንን እየሸጡ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ።

ማክሰኞ ተመልሼ ሄድኩ። በረኛው ዋልተር ወገቡ ላይ ለሁለት ከተከፈለው በር የላይኛውን ክፋይ ብቻ ከፍቶ፣ «ኧረ ጌታው መጡ! ትኬት ልቁረጥልዎ ወይስ ቤቱን እንመልስልዎ?» አለኝ። በእኛ ቤት የላይኛው ክፋይ ለሻጭና ለመንገደኛ እንጂ ለዘመድ አልነበረም። የታችኛውንም ክፈት ስለው፣ «እሱማ የተሠራው አሳማ እንዳይገባ ነው ያሉን እርስዎ አይደሉም? እስቲ ቀረብ ይበሉ፣ ልይዎት!» ብሎ ሳቀብኝ።

የሙዚየሙ ኃላፊ ወጣቷ ሎሬታ ድምፄን ሰምታ መጣች፤ ገመዱን ፈትታም ይዛኝ ወጣች። የዘር በቆሎ ማስቀመጫ የምንላትን፣ አባታችን እንዳንገባባት የከለከለንን ጠባብ ክፍል ከፈተች። ከወለሉ አንድ ሳንቃ ተነሥቷል፤ ከሥሩም የበቆሎ ቆረቆንዳ ይታያል። «ይኸው! የዘር ማስቀመጫ ነው አላልኩም?» አልኩ። እሷም ለስለስ ብላ፣ «አባቴ፣ የተፈለፈለ በቆሎ ምኑ ይዘራል? ደግሞስ ዘር በመስቀል ቅርጽ ይደረደራል?» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቆረቆንዳዎቹ በመስቀል ተጋድመዋል፤ አጠገባቸው የተቋጠረች ጨርቅ አለች፤ ከአፍሪካ የመጡ ባሮች ከክፉ እንዲጠብቃቸው እንዲህ አድርገው ይደብቁ እንደነበር ሎሬታ ነገረችኝ። በግድግዳው ላይ፣ የተኛ ሰው ራሱን ከሚያሳርፍበት በላይ፣ የሻማ ጠብታ ደርቋል። የበሩ መቀርቀሪያ በውጭ በኩል ነው። ዘር በውጭ አይቀረቀርበትም፤ ሰው እንጂ። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል።

ያን ጊዜ ጥርጣሬዬ ፊቱን ወደ አንቺ አዞረ። ልጅ ሳለሽ ያን ሳንቃ ስትነቀንቂ ያየሁሽ እኔ ብቻ ነኝ፤ እንደሚነሣ የሚያውቅ ሌላ ሰው በሕይወት የለም። ምን እንዳየሽ፣ ከማን እንደሰማሽ፣ ስለምንስ ይህን ሁሉ ዘመን በሕዝብ ፊት ሐሰት ስናገር ዝም ብለሽ እንዳየሽኝ ከጰራቅሊጦስ በፊት ንገሪኝ። ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ያን ቃል ዳግመኛ አልናገርም።

ለባልሽ ለዊላርድ፣ ለልጆችሽ ለማርግሬትና ለጆናስ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ባለቤቴ ኤልሲ ያሸገችውን የፖም ማርማላታ ልካልሻለች፤ ስለዚህ ነገር ግን ገና አልነገርኳትም።

ስሰናበት ሎሬታን፣ ሳንቃውን ማን አሳያችሁ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ገመዱን መልሳ እያሰረች እንዲህ ስትል መለሰችልኝ፦ «እኅትዎ ናቸው። ‹ወንድሜ ሳይጠይቅ እንዳትነግሩት፤ የጠየቀ ዕለት ግን እንዳትዋሹት› ብለውናል።»