«በሐምሌ ፈላጊ የለም» የተባሉት የጋዝ ነጋዴ፦ የአቶ ልመንህ ቢሆነኝ የሕይወት ታሪክ

አቶ ልመንህ ቢሆነኝ ከአባታቸው ከአቶ ቢሆነኝ ገብረ መድኅን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምዬ አዱኛ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የእስቴ ወረዳ የገበሬ መንደር በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ወሩን እናታቸው «ገብስ ሲታጨድ» ከማለት በቀር ስላልነገሯቸው፣ ቅጽ በሞሉ ቁጥር ከጸሐፊዎች ጋር ይነታረኩ ነበር።

ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ነው። ቀጥሎም በመካነ ኢየሱስ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ከቄስ ተማሪ ቤት ይዘውት የወጡት ጠባይ የተጠየቁትን ብቻ፣ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መመለስ ነበር። ለነፍሳቸው በጅቷቸው ይሆናል፤ ለመሥሪያ ቤት ግን እንደማይበጅ ቤተሰቡ እስኪበቃው አይቷል።

በ1968 ዓ.ም. የጭነት መኪና ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። ሰባት ዓመት ከሠሩ በኋላ በመካነ ኢየሱስ ነጭ ጋዝ በጣሳ እየለኩ መቸርቸር ጀመሩ። በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰርኬ መሐሪ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ወንድወሰንን፣ አበባየሁንና ትዝታን አፍርተዋል። ወይዘሮ ሰርኬ ምግብ ቤት ከፍተው ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ብርቱ ሴት ናቸው። የምግብ ቤቱ ጭስ ግን አስም አተረፈላቸው፤ ሐኪሙም «እርጥብ እንጨት አጠገብ አይድረሱ» አላቸው።

አቶ ልመንህ በ1999 ዓ.ም. ወደ ቡታ ጋዝ ንግድ የገቡት አንድም በዚህ ምክንያት ነበር። ከደብረ ታቦር እያስጫኑ ለከተማው ያከፋፍሉ፣ ከስማዳ ወረዳ ከወገዳ ለሚመጡትም በአህያ ይጭኑላቸው ነበር። አንድ ሲሊንደር ብቻ ከተጫነ ጭነቱ ስለሚያዘነብል፣ የወገዳ ሰው ጓደኛ ፈልጎ ሁለት ሆኖ ይመጣ ነበር። ሲሊንደሮቹን ገለባ በተሞላ ጆንያ ግራና ቀኝ ደግፈው ይጭኗቸዋል። በዚህ አሠራር አንድም አደጋ ሳይደርስ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ጋዝ በተሽከርካሪ እንጂ በጋማ ከብት እንዳይጓጓዝ የሚል መመሪያ ወጣ። መመሪያው ክረምት ላይ ወገዳ የሚደርሰው ተሽከርካሪ የትኛው እንደሆነ አይናገርም።

የጋዝ ነገር እንዲህ ነው። በበጋ መንገዱ ክፍት፣ እንጨቱም ደረቅ ነውና ጋዝ ፈላጊ ጥቂት ነው። ክረምት ሲገባ እንጨቱ ይርሳል፣ ሰው ሁሉ ጋዝ ይላል፤ ያኔ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ይሆናል። መድኃኒቱ ከሰኔ በፊት ማከማቸት ብቻ ነው። ለዚህም ከንግድ ጽሕፈት ቤት የወር ድልድል፣ ማለትም ኮታ ያስፈልጋል። አንዱ ቢሮ እንጨት አትቁረጡ፣ ከሰል አታክስሉ ሲል፣ ሌላው ጋዙን በድልድል ያስራል፤ ሁለቱ ቢሮዎች አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው።

በ2010 ዓ.ም. በየወሩ የተሸጠውን የሚጠይቅ ቅጽ መጣ። በዚያ ዓመት የተከማቸው ቀድሞ አልቆ፣ መንገዱም ጭቃ ሆኖ በሐምሌና በነሐሴ አንድም ሲሊንደር አልገባምና አቶ ልመንህ በሁለቱም ወራት ላይ «ዜሮ» ብለው ጻፉ። ወይዘሮ ሰርኬ «ባዶ እጁን የተመለሰውንስ ሰው አይጽፉትም?» ቢሏቸው፣ «የተጠየቅሁት የሸጥሁትን ነው» አሉ። በዓመቱ የመጣው ደብዳቤ በሐምሌና በነሐሴ ፍላጎት አለመኖሩ በመረጋገጡ ለሁለቱ ወራት ድልድል እንደማይደረግ ገለጸ። ድልድል ስለሌለ ጋዝ አልገባም፤ ጋዝ ስላልገባ አልተሸጠም፤ ስላልተሸጠም በቅጹ ላይ እንደገና ዜሮ ተጻፈ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠኑ። ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር አዲሱ ሰው «ያለፉትን ዓመታት መረጃ እስኪ ልየው» ይላል፤ መረጃው ደግሞ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነው። የተመለሱትን ሰዎች ስም ዘርዝረው ቢወስዱ ቅጹ ለዚያ ቦታ የለውም ተባሉ። በማስመሪያ ቦታ ቢሠሩለት ቅጹ ተነካክቷል ተብሎ ተመለሰ። ይህን ሁሉ ሲያዩ አንድ ቀን እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቤተሰቡ ግን አርሯል፣ ዛሬም አልበረደለትም።

በእሳቸውም ላይ ቢሆን አርረናል። የጋዝ ነጋዴ ቤት በየክረምቱ በጭስ ይታፈን ነበር። «ደንበኛ ባዶ እጁን እየተመለሰ እኔ ለቤቴ አላስቀርም» ብለው የመጨረሻውን ሲሊንደር ሁልጊዜ ለሰው ይሰጣሉ። ወይዘሮ ሰርኬ ሲያስሉ አቶ ልመንህ ውጭ ወጥተው ይቆሙ ነበር፤ ቆመው ምን ይሉ እንደነበር የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው።

በ2017 ዓ.ም. ምክንያቱ ሳይገለጽ ለሐምሌ ሰማንያ ሲሊንደር ተፈቀደላቸው። ደብዳቤው እስከ ሰኔ 15 እንዲጫን ያዝዛል፤ እጃቸው የገባው ግን ሰኔ 28 ነው። ቀኑን ለማስለወጥ ደብረ ታቦር ወርደው ሦስት ቀን በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ግማሹ ለስማዳ ስለሆነ የስማዳ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተብሎ አርባውን ብቻ ጫኑ። መኪናው ጭቃ ሲይዘው ከአካባቢው ወጣቶች ጋር በዝናብ ገመድ ጎትተው፣ ሐምሌ 12 መካነ ኢየሱስ ገቡ። በማግሥቱ በሳንባ ምች ወደቁ።

ተኝተው ሳለ ወንድወሰን ሲሊንደሩ እየታደለ መሆኑን ሲነግራቸው እጁን ያዙና፣ «አንዱን ለናትህ አስቀር» አሉት። በሠሩበት ዘመን ሁሉ በክረምት ለቤታቸው ያስቀሩት ይህ ብቻ ነው። በመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ቀናት ወይዘሮ ሰርኬ ሳል ሳያስነሳቸው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው አስታመሟቸው።

አቶ ልመንህ ቢሆነኝ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ከባለቤታቸው፣ ከሦስት ልጆቻቸውና ከሰባት የልጅ ልጆቻቸው ተለይተዋል። በጭቃ እየተንቦጫረቃችሁ ከየወረዳው ለመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

የዘንድሮውን ቅጽ ልጃቸው ትዝታ ሞልታዋለች። በሐምሌ ላይ «ሠላሳ ዘጠኝ ተሸጠ፣ አንድ ለቤት» ብላ ጽፋለች፤ ቅጹ ለዚህ ቦታ አልነበረውም። የአባታችንን ነፍስ ደጅ ጥናት በሌለበት፣ ዓይን በጭስ በማያነባበት በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ አሜን።