አንዱ ክኒን አሶሳ፣ ሌላው መተከል

ለክልላችን የመድኃኒት ክፍፍል ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ
ባምባሲ፣ ኅዳር 11 ቀን 1989 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎና ለመላው ኮሚቴዎ ጤና ይስጥልኝ፤ በተለይም በሽታ ሄዶ ተመልሶ የማይመጣበትን ጤና እመኝልዎታለሁ፤ እኛ ቤት የጠፋው እሱ ነውና።

ባለቤቴ ገላኔ ልብስ ሰፊ ናት። የሰውነቷ መከላከያ የገዛ ነርቮቿን የሚያጠቃበት፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል በሽታ አለባት። ጥቂት ወራት ይተዋትና ያገረሽባታል፤ ባገረሸ ቁጥር አንድ ነገር ወስዶባት ይሄዳል። አዲስ አበባ ያለው ሐኪሟ ለየብቻቸው ያልጠቀሟትን ሁለት የቆዩ መድኃኒቶች አንድ ላይ እንድትወስድ አዘዘላት። ሁለቱንም ከአሶሳ መጋዘን እየወሰደች ስምንት ወር ሙሉ አላገረሸባትም፤ የስፌት መኪናዋንም በገዛ እግሯ ትረግጥ ነበር።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ባለፈው ሚያዝያ ኮሚቴዎ ዞኖች እንዳይበላለጡ በማሰብ፣ በሙሉ ድምፅ እጅ አውጥቶ፣ አንደኛውን መድኃኒት እንዳለ ለአሶሳ፣ ሌላኛውን እንዳለ ለመተከል ስለ ደለደለ አመሰግናለሁ። የተከፋ ዞን የለም፤ የተከፋችው ገላኔ ብቻ ናት።

2ኛ/ ከእኛ ከአሶሳ ዞን ዓባይን ተሻግሮ መተከል ለመግባት ወለጋን አቋርጦ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ በጎጃም መዞር እንደሚያስፈልግ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። የአዲሱን ክልላችንን ስፋት በአውቶቡስ ወንበር ላይ አምስት ቀን እንዳጠና ስላደረጉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የመተከሉ መጋዘን ኃላፊም የዞኑ ነዋሪ አለመሆኔን በትሕትና አስረድተው በባዶ እጄ ሸኙኝ።

3ኛ/ የአሶሳው መጋዘን ሠራተኛ አዝኖልኝ፣ ለጎደለው መድኃኒት ማካካሻ የእኛን ዞን መድኃኒት እጥፍ አድርጎ ሰጠኝ። እግዜር ልቡን አይቶ ይስጠው፤ ዱቄት ላለቀበት ቤት ጨው እጥፍ ማድረጉ ነው።

4ኛ/ ሰኔ ላይ አገረሸባትና ግራ ዓይኗ ጠፋ። መስከረም ላይ ደገማት፤ አሁን መኪናውን የምረግጥላት እኔ ነኝ። ይህኛው ምስጋና አይደለም፤ ሌላ የምጽፍበት ቦታ አጥቼ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ቀጥሎ ምን እንደሚወስድባት አላውቅም። ሦስት ጊዜ አመለከትኩ፤ ሦስቴም ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚታይ ተነገረኝ። የምለምንዎ ከየካርቶኑ ጥቂት ጥቂቱ ወንዙን እንዲሻገር ብቻ ነው።

የፍትሐዊ ክፍፍልዎ ተቋዳሽ፣ እጅ ነሥቼ፣
ሌንጂሳ ኦልጅራ

ግልባጭ፦
የዚህ ደብዳቤ ግማሽ ለመተከል ዞን

ማሳሰቢያ፦ መልሱን ለገላኔ የሚጽፉላት ከሆነ በትልልቅ ፊደል ቢሆን፤ ቀኝ ዓይኗ ገና ያያል። መልሱ «በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል» ከሆነ ግን በፊደሉ አይድከሙ፤ እኔው አነብላታለሁ።